የሰባት ወር ልጅ ደም



ችኩል ሰው ስናይ «የሰባት ወር ልጅ ነህ እንዴ?» እያልን እንቀልዳለን። በሰባት ወሩ የተወለደ ሕፃን ጉዳይ ግን ቀልድ አይደለም። በ2011 ዓ.ም በአገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ያለ ጊዜ መወለድና ኢንፌክሽን ከዋናዎቹ ምክንያቶች መካከል ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንዱ ነገር የሕፃኑ ደም ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሰውን በማሕፀን ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንደሚፈጥር ተምረናል። ደምም ደረጃ አለው። የፅንሱ የደም ሴሎች በመጀመሪያ ከፅንሱ ጋር በተያያዘ ትንሽ ከረጢት፣ ቀጥሎ በጉበት፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ በዋናነት በአጥንት መቅኔ ይመረታሉ። 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ልጅ ይህ ዝግጅት ሳያልቅ ነው የሚወጣው።

ጀርም ሲገባ ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ጊዜውን ጠብቆ በተወለደ ሕፃን እንኳ ቁጥራቸው ብዙ ቢሆንም እንደ አዋቂ ሰው ፈጣን አይደሉም፤ ከደም ሥር ወጥተው ጀርሙ ዘንድ ለመድረስ ይዘገያሉ። ያለ ጊዜው በተወለደው ላይ ድክመቱ ይብሳል። በመቅኔው ያለው መጠባበቂያም ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። እናት በእንግዴ ልጅ በኩል የምትሰጠው አንቲቦዲም በብዛት የሚያልፈው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ስለዚህ ይህ ልጅ ከሁለቱም ወገን ጎድሎበታል።

ከቆቦና ከራያ ቆላ ለመጣን ይህ የቤታችን ጉዳይ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚይዝ ወባ ልጁ ያለ ጊዜው እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ በራያ ቆቦ ወረዳ ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ከ10 እናቶች አራት ያህሉ ከጡት በፊት ሌላ ነገር ለልጁ እንደሚሰጡ አሳይቷል። እንገርን ማፍሰስም አለ። እንገር ግን የጎደለውን መከላከያ በከፊል የሚተካ ነው።

ተህኒክስ? ሱንና ነው፤ ፈርድ ግን አይደለም። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ መዋጥ ላይችል ስለሚችልና የአዋቂ አፍም ጀርም ስለማያጣው፣ ቴምሩን ከመስጠት በፊት ሐኪሙን፣ ስለ ሑክሙም ዑለማዎቻችንን እንጠይቅ።

ቆቦ ሞቃት ስለሆነ ልጁ አይበርደውም ማለትም ስህተት ነው። በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይታቀፍ፤ የሚነካው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ እትብቱ ላይ ቅቤ አይቀባ። በኢንፌክሽን የተያዘ ሕፃን ሁልጊዜ አያተኩስም። ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ከደነዘዘ ወይም ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ «ይነጋል» ሳንል ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንውሰደው።

ለእረፍት ወደ ቤት ስንመለስ ኢንሻአላህ ይህን ለእናቶቻችንና ለእህቶቻችን እንንገር። ወላሁ አዕለም።