ከዕቃው ጋር የሚጓዝ ደንብ

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ አረሙን በእጅ ከመንቀል ሌላ በማሽን ማውጣትም ሲሞከር ቆይቷል። አረሙን ከውኃ እየዛቀ ጀልባ ላይ የሚጭን ቀበቶ ያለው ማሽን ባሕር ዳር ውስጥ ተነደፈ እንበል። የነዳፊው ድካም የሚበረታው የመጀመሪያውን ሥዕል ሲሠራ ሳይሆን ሲያሻሽለው ነው። ቀበቶው ከ1.5 ሜትር ወደ 2 ሜትር ይስፋ ቢባል ሮለሩ ይረዝማል፤ የረዘመ ሮለር ይጎብጣልና ሻፍቱ መወፈር አለበት፤ ሻፍቱ ከወፈረ ኩሽኔታው ይቀየራል፤ ኩሽኔታው ከተቀየረ የላሜራው ቀዳዳ ይሰፋል። ከእነዚህ አንዱ ቢረሳ ስሕተቱ የሚጋለጠው ወርክሾፕ ውስጥ፣ ብረቱ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው።

የዲዛይን ሶፍትዌሮች ለዚህ ያበጁት ዘዴ ደንቡን እዚያው የዕቃው ፋይል ውስጥ ማኖር ነው። ኢንቬንተር በተባለው የአውቶዴስክ ሶፍትዌር ይህ ክፍል አይሎጂክ ይባላል። እያንዳንዱ ልክ ስም አለው፤ ነዳፊው በእነዚያ ስሞች «ስፋቱ ከ1,800 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ሻፍቱ 50 ይሁን፤ አለዚያ 40» ብሎ ይጽፋል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ ትክክለኛውን የሚወስነው ስሌት ነው። ደንቡ ልኩ በተለወጠ ቁጥር ራሱ ይሠራል፤ ፋይሉ ሲከፈት ወይም ሴቭ ከመደረጉ በፊት እንዲሠራም ሊታዘዝ ይችላል። ለአጭሩ ዕቃ የማያስፈልገውን ማጠናከሪያ ያጠፋል፣ ለረጅሙ ይመልሳል። ፋይሉ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ደንቡም አብሮ ይሄዳል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ቅርጹ ብቻ ተሻግሮ ምክንያቱ ሲቀር ምን እንደሚሆን የጣና ደንገል ራሱ ምስክር ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. ከጣና በተወሰደ ደንገል፣ ጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ፣ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ። ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ፤ ቅርጹ የተቀዳው ግን ከጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ነው። በሥዕሎቹ ላይ ወደ ላይ የተቆለመመውን የኋላ ጫፍ ከወለሉ ጋር የሚያስር ገመድ ይታያል። ገመዱ ኩርባውን ለመያዝ ብቻ የተደረገ መሰላቸው፤ ኩርባው ያለ ገመድ ሲቆም ጊዜ ተዉት። አትላንቲክ ላይ ኋላዋ ዘቀጠ፣ ማዕበሉ ገባባት፣ ጉዞው ካሪቢያን ሳይደርስ ተቋረጠ። ለካስ ገመዱ ኋላውን እንደ ስፕሪንግ ደግፎ ይይዝ ኖሯል። ሥዕሉ ገመዱን አሳይቷል፤ ለምን እንደታሰረ ግን አልተናገረም። የወረቀት ንድፍም ጉድለቱ ይኸው ነው።

«ደንብ የለመደ ወጣት መሐንዲስ ማሰብ ያቆማል» የሚሉ አሉ። ፖሊ ቴክኒኳ ከተቋቋመበት ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴክኒክ ስታስተምር በኖረችው ባሕር ዳር ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ቁጥር ለውጦ የመጣለትን ብቻ የሚቀበል ሰው በእርግጥ ይኖራል። የባሰው ደግሞ የተሳሳተ ደንብ ስሕተቱን በሚወጣው ዕቃ ሁሉ ላይ ማባዛቱ ነው። ሆኖም የተጻፈ ደንብ ይነበባል፣ ይጠየቃል፣ ይታረማል፤ በአንድ ባለሙያ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ስሕተት ግን ሰውየው ሥራ ከለቀቀ በኋላም ሳይታወቅ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ደንብ ወሰንና ምክንያት እንዲኖረው ማስገደድ ይሻላል። ለምሳሌ ተማሪው የቀበቶውን ስፋት 2,600 ብሎ ሲጽፍ ደንቡ ልኩን አልቀበልም ይልና ስክሪኑ ላይ እንዲህ ያወጣል፦ «ከ2,400 አይበልጥም፤ ማሽኑ ሲከብድ ጀልባው ጠልቆ ይቀመጣል፣ እምቦጩ ያለው ደግሞ ውኃው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው።» ይህን ያነበበ ተማሪ ወሰኑን መግፋት ቢፈልግ እንኳ መጀመሪያ ጀልባውን ማስፋት እንዳለበት ያውቃል።