በአቴና የተገናኙት ሦስት ተማሪዎች

ልጅ ለትምህርት ወደ ውጭ ሀገር ሲሄድ ወላጆች ደስታና ሥጋት በአንድነት ይሰማቸዋል። ሥጋቱ አብዛኛውን ጊዜ «ሃይማኖቱን እንዳይተው» በሚል አጭር ቃል ይገለጣል። ነገሩ አዲስ አይደለም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀጰዶቅያ የነበሩ ክርስቲያኖችም ልጆቻቸውን ጣዖት ወደ በዛባት አቴና ይልኩ ነበር። በዚያች ከተማ በአንድ ወቅት ከተማሩት መካከል ሦስቱን እናውቃቸዋለን፤ ሁለቱ ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ናቸው። ሦስተኛው በሰማዕቱ ቅዱስ መርቆሬዎስ ታሪክ ኅዳር 25 ቀን ስሙ የሚነሣው ዑልያኖስ ከሓዲ ነው። ከተማው አንድ፣ መጻሕፍቱም አንድ ሆነው ሳለ ፍሬው እንዴት እንዲህ ተለያየ?

ባስልዮስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ330 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። በስደት ዘመን ስለ ሃይማኖቷ የተንገላታችው አያቱ ማክሪና ከሕፃንነቱ ጀምራ ቃለ እግዚአብሔርን አስተምራዋለች። በቂሳርያና በቍስጥንጥንያ ከተማረ በኋላ ወደ አቴና አቀና። ጎርጎርዮስ ቀድሞት ደርሶ ነበር፤ ከእስክንድርያ ወደ አቴና ሲጓዝ መርከቡን ማዕበል መታው፤ እርሱም በዘመኑ ልማድ ገና አልተጠመቀም ነበርና ሳልጠመቅ እሞታለሁ ብሎ እጅግ ተጨነቀ። ከዚህ ሞት ብተርፍ ሕይወቴ ያንተ ናት ብሎ ለእግዚአብሔር ተሳለ። እንግዲህ አቴና የገባው ስእለት ያለበት ሰው ሆኖ ነው።

በአቴና አዲስ ተማሪ ሲመጣ ነባሮቹ በፌዝ ይቀበሉት፣ በገበያው መካከል እየጮኹና እየዘለሉ አጅበው ወደ መታጠቢያ ቤት ይወስዱት ነበር። ጎርጎርዮስ የባስልዮስን ጠባይ ስለሚያውቅ ጓደኞቹን ለምኖ ከዚህ ፌዝ አስቀረለት። ወዳጅነታቸው በዚህ ጀመረ። ባስልዮስ ግን ከተማዋ እንዳሰባት ሆና ስላላገኛት አዝኖ ነበር፤ የሚያጽናናው ጎርጎርዮስ ነበር። ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት ኖሩ፣ በአንድ ማዕድ በሉ። ጎርጎርዮስ ባስልዮስ ካረፈ በኋላ ባቀረበው ንግግር እንደሚተርከው፣ በዚያች ከተማ የሚያውቁት ሁለት መንገድ ብቻ ነበር፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ወደ መምህራን የሚወስደው። ወደ በዓላቱ፣ ወደ ቲያትሩና ወደ ግብዣው የሚወስደውን መንገድ ለሌሎች ተዉት።

ይህን ታሪክ ዛሬ ከሀገራችን ወጥቶ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ለሚማር ወጣት ስናቀርበው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ወጣቱን የሚፈትነው ሰዎች እንደሚያስቡት የፍልስፍና ክርክር ብቻ አይደለም። በሀገሩ ሳለ ዐቢይ ጾምን የሚጾመው ከቤተሰቡ ጋር ነበር፤ በዩኒቨርሲቲም ከግቢ ጉባኤ ወንድሞቹና እኅቶቹ ጋር። እዚያ ግን ብቻውን ነው። የጌታችን ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን ሲከበር እርሱ ክፍል ውስጥ ይሆናል፤ ስቅለት ከፈተና ቀን ጋር ይገጥምበታል። አብሮት የሚኖረው ተማሪ በቅንነት «ለምን ትጾማለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም እንዲህ ጠይቆት አያውቅም ይሆናል። በዚህ ጥያቄ አንዳንዱ ያፍራል። ሌላው ግን መጽሐፍ ገልጦ ምክንያቱን ይመረምራል፤ በልማድ የያዘውንም በእውቀት ይይዘዋል። የግብጽ፣ የአርመን፣ የሶርያና የሕንድ አኃት አብያተ ክርስቲያናትን ምእመናን ሲያገኝ ደግሞ፣ ሃይማኖቱ የሰፈሩ ወግ ብቻ የሚመስለው ወጣት አመለካከቱ ይሰፋል። (በአቴና የባስልዮስና የጎርጎርዮስ መምህር የነበረው ፕሮኤሬስዮስም ክርስቲያንና አርመናዊ ነበር።)

ወደ ዑልያኖስ እንመለስ። አቴና የገባው በ355 ዓ.ም. ነው። ብዙዎች የአቴና ትምህርት እንዳስካደው ያስባሉ፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ክርስትናውን በልቡ የተወው ከዚያ አስቀድሞ ነበር። በልጅነቱ በክርስትና አድጓል፤ በቤተ ክርስቲያንም አናጉንስጢስ ሆኖ መጻሕፍትን አንብቧል። ነገር ግን በ337 ዓ.ም. ታላቁ ቈስጠንጢኖስ ካረፈ በኋላ አባቱና ብዙ ዘመዶቹ ተገደሉ፤ እርሱም ግድያውን ክርስቲያን ነኝ የሚለው የአጎቱ ልጅ የቈስጠንጢዮስ ሥራ አድርጎ ቆጠረው። ያ ቁስል ሳይድን፣ የሚያናግረውም አባት ሳያገኝ አደገ። በአደባባይ ክርስቲያን፣ በስውር ግን የጣዖት አምላኪ ሆኖ ዓመታትን ቆየ። ጎርጎርዮስ በአቴና ሲያየው የዓይኑና የሁኔታው አለመርጋት እንዳስፈራው በኋላ ጽፏል። በ361 ዓ.ም. ብቻውን ሲነግሥ ክህደቱን ገለጠ፤ በ362 ዓ.ም. ክርስቲያኖች የግሪክን ሥነ ጽሑፍ እንዳያስተምሩ አገደ። ፕሮኤሬስዮስም የማስተማር ሥራውን ለቀቀ። ክህደት ከሀገር ቤት በሻንጣ ተይዞ ሊወጣ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ልጆቻችንን ስንሸኝ ብርድ ልብሱንና በርበሬውን እንቆጥራለን፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስላዘኑበት ነገር የምንጠይቃቸው ግን ጥቂቶች ነን።

ባስልዮስም ቢሆን ያለ ቁስል አልተመለሰም። ወንድሙ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ሳይሸሽግ እንደጻፈው፣ በንግግር ችሎታው ታብዮ፣ የሀገሩን ሹማምንት ሁሉ ንቆ ነበር የመጣው። ይህ ትዕቢት ከውጭ ሀገር ተምረው ለሚመለሱ ሁሉ የቀረበ ፈተና ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙርና የመሪጌታው ትምህርት በድንገት ያንስባቸዋል። ባስልዮስን የመለሰችው ታላቅ እኅቱ ቅድስት ማክሪና ናት። ወደ አቴና አልሄደችም፤ ያደገችው መዝሙረ ዳዊትንና መጽሐፈ ጥበብን እየተማረች ነበር። እርስዋ በመከረችው ጊዜ ከንቱ ክብርን ትቶ ተጠመቀ፤ የግብጽን፣ የፍልስጥኤምን፣ የሶርያንና የመስጴጦምያን መነኮሳት ኑሮ ሊያይ ወጣ። ለሁለተኛ ጊዜ ለትምህርት ከሀገሩ ወጣ ማለት ነው፤ በዚህኛው ግን መምህራኑ ባሕታውያን ነበሩ።

የአቴናን ትምህርት ግን አልጣለውም። ለወጣቶች በጻፈው ምክሩ የግሪክን መጻሕፍት ንብ አበባን እንደምትቀስም ሆነው እንዲያነቡ፣ የሚጠቅመውን ወስደው የሚጎዳውን እንዲተዉ ያስተምራል፤ የግብፅን ጥበብ የተማረውን ሙሴንና የባቢሎንን ጥበብ ያወቀውን ዳንኤልንም ምሳሌ ያደርጋል። በ370 ዓ.ም. ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላ ከቂሳርያ ከተማ ውጭ ለድኆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን ሰፊ መጠለያ ሠራ። በአቴና ካጠናቸው ትምህርቶች አንዱ ሕክምና ነበር። ለምጻሞችንም ወደዚያ ሰበሰባቸው፤ ጎርጎርዮስ እንደመሰከረውም፣ ያ በአቴና ንግግሩ የተደነቀለት ሰው በከንፈሩ ይስማቸው ነበር።