ያረጀ ድልድይን የሚዘጋው ማን ነው?

ድልድይ ተሠርቶ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ ኃላፊ አይታጣም። አርጅቶ «ከእንግዲህ በዚህ አይታለፍም» መባል ሲኖርበት ግን ቃሉን የሚያወጣው ሰው ይጠፋል።

በአሜሪካ የፒትስበርግ ከተማ የሆነው ለዚህ ማስረጃ ነው። ጥር 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ማለዳ፣ የከተማው አስተዳደር ንብረት የሆነው የፈርን ሆሎው ድልድይ አንድ የሕዝብ አውቶቡስና አራት መኪኖች እንደያዘ ሸለቆው ውስጥ ተደረመሰ። ፕሬዚዳንት ባይደን ስለ መንገድና ድልድይ ሥራ ሊናገሩ ወደዚያችው ከተማ የሚመጡት በዚያው ዕለት ነበር። ሰዎች ቆሰሉ እንጂ የሞተ አልነበረም።

የድልድዩ መዳከም ያልታወቀ ነገር አልነበረም። መርማሪዎች ከአሥር ዓመት በላይ በየጊዜው እየተመላለሱ የብረት እግሮቹ በዝገት መበላታቸውን ጽፈዋል። የውሃ መውረጃዎቹ በቆሻሻ ስለ ተደፈኑ ውሃው እግሮቹ ላይ እየተኛ ብረቱን ጨረሰው። ይጠረግ፣ ይጠገን የሚለው ምክር ለአስተዳደሩ ደጋግሞ ቢቀርብም ሥራ ላይ አልዋለም። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2016 ዓ.ም. እንዳስታወቀው የመሸከም አቅሙ ስሌትም የተሳሳተ ነበር፤ 26 ቶን ይችላል የሚል ምልክት የተተከለበት ድልድይ በትክክል ቢሰላ ኖሮ ጨርሶ መዘጋት ነበረበት።

አስተዳደሩ ከአደጋው በኋላ ሌሎቹንም በማስመርመር፣ ቻርልስ አንደርሰን የተባለውን ድልድይ ጥር 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ዘጋ። መንገደኛው ለመዞር ተገደደ፤ ይህ ከመውደቅ ይሻላል።

ለገጠር ቀበሌና ለገበሬ ማኅበር መሪዎችም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የእንጨት መሻገሪያ በምስጥና በጎርፍ የሚበላው ከሥሩ ስለሆነ፣ ከላይ አፈር ለብሶ ደህና ይመስላል። ከክረምት በፊት ከሥር ገብቶ ማየት፣ የውሃ መውረጃውንም ማስጠረግ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። አደገኛ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ቅርንጫፍ ጥሎበት መሄድ አይበቃም፤ ለገበያ የቸኮለ ሰው አንስቶት ያልፋል። በሁለቱም ጫፍ ሰውም ከብትም የማያሳልፍ አጥር ማጠር፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ማስነገር፣ ለወረዳው በጽሑፍ አመልክቶም ግልባጩን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ሌላ መሻገሪያ ማሳየት ነው። በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ወንዙ ገና ሙሉ ስለሆነ፣ ድልድዩ ብቻ ተዘግቶ ከተተወ ተማሪዎቹ ውሃው ውስጥ መግባታቸው አይቀርም።