ያውቁ ኖሯል? «ኔጎሺዬሽን» ማለት «ዕረፍት የለም» ነበር!

በየዕለቱ በዜና የሚሰሙት «ኔጎሺዬሽን» (ድርድር) የተሰኘው የእንግሊዝኛ ቃል የሁለት የላቲን ቃላት ጥምረት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? «ነክ» ማለት «የለም»፣ «ኦትዩም» ማለት «ዕረፍት»! ተደራዳሪዎች ሌሊቱን በሙሉ እንቅልፍ ቢያጡ ምን ይገርማል!

ሮማውያን በዚህ ቃል የሚጠሩት ሥራንና ንግድን ነበር! ዛሬም ጣሊያን አገር ገብተው «ኔጎትሲዮ የት አለ?» ብለው ቢጠይቁ የሚያሳዩዎት የሰላም ጉባኤ አይደለም። ሱቅ ነው!

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሹፌር ጠመዝማዛ መንገድን በሰላም ካለፈ «ኔጎሺዬት አደረገው» ይባላል! ቃሉን ለእንዲህ ያለ ነገር ማዋል የጀመሩት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረስ አጥር እየዘለሉ የሚያድኑ እንግሊዞች ናቸው።

«ዲቤት» (ክርክር) የተባለው ጨዋ ቃልስ? መነሻው መደባደብ ነው! «ዲስከሽን» (ውይይት) ደግሞ በላቲን አናውጦ መበታተን ማለት ነበር!

ምሁራን ጥናት የሚያቀርቡበት «ሲምፖዚየም» በጥንቱ ግሪክኛ ትርጉሙ «አብሮ መጠጣት» ነው! የአቴና ፈላስፎች ተጋድመው ወይን እየጠጡ ይከራከሩ ነበር።

ይህን ደግሞ ልብ ይበሉ! በድሮው የእንግሊዝ ሕግ «ወንጀለኛ ኮንቨርሴሽን» (ጭውውት) የሚባል ክስ ነበር። ስድብ ወይም ሐሜት እንዳይመስልዎ! ከሰው ሚስት ጋር መማገጥ ነው! ባል የሚስቱን ውሽማ ፍርድ ቤት ገትሮ የገንዘብ ካሳ ይቀበል ነበር። ክሱ በእንግሊዝ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው።

አንድን ጉዳይ «ቴብል» ማድረግ በለንደን «አሁኑኑ እንወያይበት» ማለት ነው። በዋሽንግተን ግን «ለጊዜው ይቆይ»! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሁለቱ አገሮች የጦር አዛዦች በዚህ ቃል የተነሳ ለረጅም ጊዜ ተጨቃጨቁ። የሚገርመው ሁለቱም ወገን የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር! ይህን የጻፈው በጦርነቱ ዘመን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ዊንስተን ቸርችል ራሱ ነው።

የመሪዎችን ስብሰባ «የተራራ ጫፍ» ብሎ መጥራት ማለትም «ሰሚት»፣ የታወቀውም ከዚሁ ሰው አንደበት ነው! እ.ኤ.አ. በ1950 ኤድንብራ ላይ ባደረገው ንግግር።

ከቃላቱ ይልቅ ተደራዳሪዎቹ የባሱ ናቸው! እ.ኤ.አ. በ1699 የኦቶማን ቱርክና የአውሮፓ ተቀናቃኞቿ ካርሎዊትዝ ላይ ሲዋዋሉ ማንም ማንንም ቀድሞ እንዳይገባ ሲባል ለየወገኑ የየራሱ በር ያለው ቤት ተሠራ! የተቀመጡትም በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

የ30 ዓመቱን ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1648 የቋጨው የዌስትፋሊያ ሰላምስ? ተፋላሚዎቹ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም በአንድነት ተቀምጠው አያውቁም! ግማሹ ሙንስተር፣ ግማሹ ኦስናብሩክ ከተማ ሆኖ መልእክተኛ ሲመላለስ ዓመታት አለፉ።

ስለ ቬትናም ጦርነት ፓሪስ ላይ የተጠራው ድርድር ደግሞ ለሳምንታት ቆመ። ምክንያቱ የጠረጴዛው ቅርጽ! እ.ኤ.አ. ጥር 1969 አንድ ክብ ጠረጴዛና በግራ በቀኙ ሁለት ትናንሽ ባለአራት ማዕዘን ጠረጴዛዎች ተቀምጠው ተስማሙ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጦርነቱ አልቆመም ነበር! ያሳዝናል!

በኮሪያው የተኩስ አቁም ንግግር እ.ኤ.አ. በ1951 አንድ ቀን ሁለቱ ወገኖች አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ከሁለት ሰዓት በላይ ተፋጥጠው ተቀመጡ! ስምምነቱ የተፈረመው ከ158 ስብሰባዎች በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በካምፕ ዴቪድ ለ13 ቀናት የከረሙት የግብጹ ፕሬዚዳንት ሳዳትና የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤጊን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ፊት ለፊት አልተደራደሩም! አስታራቂው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው ይመላለስ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሁሉም ነገር ሊፈርስ ሲል፣ ካርተር ለቤጊን የልጅ ልጆች የእያንዳንዳቸውን ስም ጽፎ የፈረመባቸውን ፎቶግራፎች ይዞለት ሄደ። ቤጊን ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበበ እንባው መጣ! ድርድሩም ቀጠለ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን እጅግ የሚደንቀኝ ይህ ነው!

የእኛው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17ስ? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው አማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላታል» የሚል መንፈስ ሲኖረው፣ ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው! በአንድ ግሥ የተጀመረው ጠብ አድዋ ላይ ደረሰ!

ከ3,200 ዓመታት በፊት የግብጹ ዳግማዊ ራምሴስና የኬጢያውያኑ ንጉሥ ሐቱሲሊ ታርቀው ስምምነታቸውን በብር ጽላት ላይ አስጽፈው ነበር። የግብጹ ጽሑፍ «ሰላም የለመኑት እነሱ ናቸው» ይላል። የኬጢያውያኑ ደግሞ «እነሱ ናቸው» ይላል! የውሉ ቅጂ ዛሬ ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት ተሰቅሎ ይገኛል። ወደዚያ ካቀኑ ሳያዩት እንዳይመለሱ!