ከማደንዘዣ በፊት የአየር ቧንቧ ለምን ይለካል?



ኦፕራሲዮን ለሚደረግለት ወገን ስንጸልይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጸልየው ስለ ቀዶ ሐኪሙ እጅ ነው። ነገር ግን ከቀዶ ሐኪሙ በፊት የሕመምተኛውን እስትንፋስ የሚረከብ ሌላ ሰው አለ፤ እርሱም የማደንዘዣ ባለሙያው ነው። ይህ ባለሙያ፣ በተለይም አንገታቸው ላይ እንቅርት ያለባቸውን ሰዎች፣ ለምን ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ተነሥታችሁ ኑ እንደሚል በጥቂቱ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ሙሉ ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ጡንቻዎቹ ይላላሉ፣ ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት ሲጨመር ደግሞ በራሱ መተንፈስ ያቆማል። ስለዚህ በአፉ በኩል አልፎ ወደ አየር ቧንቧው የሚገባ የፕላስቲክ ቱቦ ይደረግለታል። የአዋቂ ሰው የአየር ቧንቧ ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ስፋቱ በብዙዎች ዘንድ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የሴቶች ከወንዶች ጠበብ ይላል። የሚገባው ቱቦ እንደ ጫማ ቁጥር አለው። ለሴት ብዙውን ጊዜ 7፣ ለወንድ 8 ይዘጋጃል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚናገረው የቱቦውን የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። የ7 ቁጥር ቱቦ በውጭ በኩል ሲለካ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ የአንዲት እናት የአየር ቧንቧ በእንቅርት ተጨፍልቆ 8 ሚሊ ሜትር ቢቀር፣ የተዘጋጀላት ቱቦ አያልፍም ማለት ነው። በግድ ቢገፋ ያቆስላል፤ ቁስሉ ያብጣል፤ እብጠቱ ደግሞ የቀረችውን ቀዳዳ ያጠባታል። ይህ የሚታወቀው ከተኛች በኋላ ከሆነ ለማሰብ ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው።

እንቅርት በደጋው አገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ሲሆን፣ ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ በኢትዮጵያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ በፊት ያደጉ ብዙ እናቶችና አባቶች እንቅርታቸውን ለዓመታት ተሸክመው ኖረዋል። ከውጭ ሲታይ ትልቅ የሆነ ሁሉ አደገኛ አይደለም፤ ወደ ፊት ተንጠልጥሎ ቧንቧውን ሳይነካ የሚቀር አለ። ትንሽ የሚመስለው ግን ከደረት አጥንት በስተ ጀርባ ወደ ታች ወርዶ ቧንቧውን ሊያጣምመውና ሊጨፈልቀው ይችላል። በዓይን አይቶ መፍረድ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ራጅ ቧንቧው ወደ ጎን መገፋቱንና መጥበቡን ያሳያል። ሲቲ ስካን ግን ከዚህ ያልፋል። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1971 ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ውስጥ በሕመምተኛ ላይ ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ሰውነትን እንደ ተቆረሰ ዳቦ በስስ በስሱ እየከፈለ ያሳያል። ባለሙያው በጣም የጠበበው ቦታ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሆነ፣ ከድምፅ አውታሮች ምን ያህል ወደ ታች እንደሚርቅ፣ ጥበቱም እስከ የት እንደሚዘልቅ ይለካል። ከዚያ በኋላ አነስ ያለ ቱቦ ሊመርጥ ይችላል፤ ወይም ሕመምተኛው ነቅቶ ሳለ ጉሮሮውን ብቻ አደንዝዞ፣ በቀጭን ካሜራ እየተመራ ቱቦውን ሊያስገባ ይችላል፤ ወይም «ይህ ሥራ በትልቅ ሆስፒታል ይሁን» ብሎ ይልካል። ይህ የመጨረሻው ምክር ሲሰጣችሁ አትቆጡ፤ ብዙ ጊዜ የልኬቱ ትልቁ ጥቅም እርሱ ነው።

ለሕፃናት ደግሞ አልትራሳውንድ አለ። ለረጅም ዘመን የልጅ ቱቦ የሚመረጠው በዕድሜ ስሌት ነበር፤ አሁንም በብዙ ቦታ እንዲሁ ነው፦ ዕድሜውን ለ4 አካፍሎ 4 መደመር። የ6 ዓመት ልጅ 5.5 ይደርሰዋል። ግን በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ልጆች ጉሮሮአቸው እኩል ነውን? አልትራሳውንድ ከድምፅ አውታሮች በታች ያለውን ጠባብ ቦታ ስፋት ያለ ጨረር ይለካል። በሕፃን ላይ የሚሊ ሜትር ስሕተት ቀላል አይደለም፤ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ ዙሪያውን በ1 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ የአየር መተላለፊያው ሩብ ብቻ ይቀራል። አልትራሳውንድ አጥንትንና አየርን አልፎ ማየት ስለማይችል ግን ከደረት አጥንት ጀርባ ለወረደ እንቅርት ሲቲ ስካንን አይተካም።

ይህ ሁሉ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ያስፈልጋል ማለቴ አይደለም። ለአብዛኛው ሰው አፍ አስከፍቶ፣ አንገት አስቀንቶ ማየትና በደንብ መጠየቅ ይበቃል። ሲቲ ስካን ገንዘብም ጨረርም አለው።

አሁን ወደ እኛ ወደ አማኞቹ ልምጣ። ማደንዘዣንና እምነትን ማጋጨት የቆየ ነገር ነው። የኤድንብራው ሐኪም ጄምስ ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1847 ለወላዶች ክሎሮፎርም መስጠት በጀመረበት ዓመት ለሃይማኖታዊ ተቃውሞዎች መልስ የሚሆን ጽሑፍ አሳትሟል፤ በዚያም በዘፍጥረት 2 ላይ አዳም አጥንቱ ሲወሰድ እንዲተኛ መደረጉን ጠቅሷል። (እኔ በበኩሌ ክፍሉን ለማደንዘዣ ማስረጃ አድርጌ አልሰብከውም፤ የቆላስይስ መልእክት ሉቃስን በሙያው ሐኪም ብሎ መጥራቱ ይበቃኛል።) በእኛ ዘንድ ያለው ችግር ግን ተቃውሞ ሳይሆን ዝምታ ነው። ባለሙያው «በጀርባሽ ስትተኚ ትታፈኛለሽ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እኅታችን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም የለኝም» ትላለች። ሌሊቱን በሦስት ትራስ ተደግፋ ነው ያደረችው! ሕመሟን ከተናገረች ፈውሷን የካደች መስሏት ይሆናል። ወገኖቼ፣ በሐኪም ፊት እውነቱን መናገር የእምነት ጉድለት አይደለም። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሰላምታ መልስ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ነው።

ስለዚህ ስትጠየቁ እነዚህን ተናገሩ፦ ስትተኙ መታፈን ካለ፣ ስትተነፍሱ የሚያፏጭ ድምፅ ካለ፣ ድምፃችሁ ከጎረነነ፣ ምግብ መዋጥ ካስቸገራችሁ፣ ከዚህ በፊት በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመሣሪያ የተነፈሳችሁ ከሆነ (ቱቦው ጠባሳ ትቶ ቧንቧውን ሊያጠበው ይችላልና)። ሲቲ ስካን በጀርባ ተኝቶ የሚነሣ ስለሆነ፣ ጠፍጣፋ መተኛት የማትችሉ ከሆነ ክፍሉ ከመግባታችሁ በፊት አስታውቁ። የቀድሞ ኦፕራሲዮን ወረቀት ካላችሁ አትጣሉት፤ የገባላችሁ ቱቦ ቁጥር እዚያ ላይ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል።