ግንዱ የት ተላጠ?

ቤትዎ ውስጥ ጀርባው በኮምፔርሳቶ የተመታ ቁም ሳጥን ካለ ጠርዙን በመብራት ይመልከቱት። ሦስት ወይም አምስት ስስ ንጣፎች ተደራርበው ተጣብቀዋል፤ የአንዱ ጭረት ወደ ቁመቱ፣ የቀጣዩ ወደ ጎኑ ይሄዳል። እያንዳንዱ ንጣፍ ቬኒር ይባላል። አሠራሩ ብርቱካንን ሳይበጥሱ እንደ መላጥ ነው። በሙቅ ውኃ ወይም በእንፋሎት የለሰለሰ ግንድ ማሽን ላይ ይሽከረከራል፤ ረጅም ስለት ሲጠጋው እንጨቱ እንደ አቡጀዲ ጣቃ እየተፈታ ይዘረጋል።

ጉምሩክ ይህን ዕቃ በ4408 መለያ ቁጥር ይመዘግበዋል፤ ውፍረቱ ከ6 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ያልተላጠው ግንድ መለያው 4403 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አብረው ይያዙልኝ፤ ህንድንና ቻይናን የምናነጻጽረው በእነሱ ነው። የሁለቱ አገሮች ሕዝብ እያንዳንዱ ከ1.4 ቢሊዮን ስለሚበልጥ ለነፍስ ወከፍ እያካፈልን አንደክምም።

ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ከውጭ የሚፈልጉት ግንዱን ነበር፤ ጭነው ወስደው አገራቸው ይልጡታል። ቻይና ከ1998 እ.ኤ.አ. ታላቅ ጎርፍ በኋላ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በተፈጥሮ ደኖቿ ውስጥ ቆረጣን ስትገድብ ይህ ፍላጎት በረታ። ከጋቦን ኦኩሜ የተባለውን ለላጭ የሚመች እንጨት በገፍ ትገዛ ነበር። በ2010 ጋቦን ያልተሠራ ግንድ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለች፤ ከሊብረቪል ብዙም በማይርቀው በንኮክ የኢንዱስትሪ ዞን የመላጫ ፋብሪካዎች ተተከሉ። ህንድን የነካት የምያንማር ውሳኔ ነው። የህንድ ኮምፔርሳቶ ሠሪዎች ለላይኛው ገጽ የሚመርጡት ጉርጃን የሚባለው ቀላ ያለ እንጨት ከዚያ ይመጣ ነበርና፣ በ2014 የግንድ ወጪ ንግድ ሲታገድ ባለፋብሪካዎቹ ማሽናቸውን ይዘው ግንዱ ወዳለበት ሄዱ፤ መጀመሪያ ምያንማር፣ ቀጥሎ ላኦስ፣ በኋላም ጋቦን።

ከዚያ ወዲህ በ4408 ስር የተመዘገበው የህንድ ገቢ ዕቃ አሻቀበ። ይህን የግራፍ መስመር ለብቻው ያየ ሰው የህንድ የእንጨት ፍጆታ በድንገት አደገ ብሎ ቢጽፍ አልፈርድበትም፤ ድምዳሜውን ግን አልቀበልም። ቀድሞ በ4403 ይገባ ከነበረው እንጨት ብዙው ተልጦ በሌላ ቁጥር ገባ እንጂ። የተዛወረው ስለቱ ነው። የቻይና መስመርም በዚያው ጊዜ ወጥቷል፤ ምክንያቱ ግን ይለያል። ብዙው የመጣው ከሩሲያና ከቬትናም ሲሆን፣ የቬትናሙ ገበሬ በማሳው ከሚያለማው ዛፍ የተላጠ ርካሽ ቬኒር ነው። ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን ስለወጡ ብቻ አንድ ምክንያት አላቸው ማለት አይቻልም።

መለኪያውም ያሳስታል። አንድ ሜትር ኩብ ቬኒር በ3 ሚሊሜትር ውፍረት 333 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። በግማሽ ሚሊሜትር ከተላጠ 2,000 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ህንድ የምታስገባው በአብዛኛው ለገጽ የሚሆነውን ስሱን ነው፤ ቻይና ከቬትናም የምታስገባው ደግሞ ወፍራምና ለመሃል የሚሆን ነው። በሜትር ኩብ ስናወዳድር ህንድ ከምትሸፍነው ስፋት አንጻር አንሳ ትታያለች፤ በዶላር ስናወዳድር ደግሞ ስሱ ውድ ስለሆነ ሚዛኑ ወደ እሷ ያዘነብላል። እኔ የሜትር ኩቡንና የዶላሩን ግራፎች ጎን ለጎን ሳላስቀምጥ ስለ ማንኛቸውም አልናገርም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁለቱም ግራፎች ውጭ ይቀራል። በሰሜን ህንድ በያሙናናጋር ከተማ ዙሪያ ገበሬው በስንዴ ማሳው ዳርና መሃል ፖፕላር ይተክላል፤ ባሕር ዛፍም አለው። ግንዱ በትራክተር ተጎትቶ ፋብሪካ ይደርሳል፣ ይላጣል፣ ነጫጭ ንጣፎቹም በየሜዳው ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ይደርቃሉ። ያ ሁሉ ቬኒር በነጋታው ተጣብቆ ኮምፔርሳቶ ይሆናል፤ የጉምሩክን በር ግን አያውቀውም።