ከወህኒ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ

ዚምባብዌ ውስጥ የታችኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ጥፋተኛ ያለውን ሰው ሊያስረው ሲያስብ መጀመሪያ ጊዜውን ይመዝናል። ሰውየው በእስር የሚያሳልፈው 24 ወር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ በማኅበረሰብ አገልግሎት ሊቀጣ ይችል እንደሆነ ማጣራት አለበት። ሳያጣራ ቢያስር፣ መዝገቡን የሚመረምረው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሊሽረው ይችላል።

ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው። አገልግሎቱ የተበጀው እስር ለሚገባው ሰው ነው። በተግሣጽ ሊሸኝ የሚገባውን ሰው ለሳምንታት ማሠራት ግን ቅጣት መጨመር እንጂ ወህኒ ቤት ማቃለል አይደለም።

ሐሳቡ በእንግሊዝ የታወቀው ባርባራ ዉተን የመሩት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1970 ካቀረበው በኋላ ነው፤ የ1972ቱ ሕግም ከ40 እስከ 240 ሰዓት ያለ ክፍያ ማሠራትን ፈቀደ፣ ያውም ጥፋተኛው ከተስማማ። ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ1992 ሕጓን ያሻሻለችው ግን በራሷ ጭንቅ ነው፤ ወህኒ ቤቶቿ አጭር ጊዜ በተፈረደባቸው ሰዎች ተጨናንቀው ነበር።

ማጣራቱ ተራ በሚመስሉ ጥያቄዎች ይሞላል። ቋሚ መኖሪያ አለው? ጤናውስ? ሥራ ካለው በየትኛው ሰዓት ይመቸዋል? ከቤቱ በእግር የሚደርስበት ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ አለ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ለገጠር ሰው ወሳኝ ነው፤ የትራንስፖርት ገንዘብ የሌለውን ሰው ሩቅ ቦታ መመደብ ገና ከጅምሩ እንዲቀር መፍረድ ነው። የተመደበው ሰው ግቢ ያጸዳል፣ አጥር ያጥራል፣ ግድግዳ ይቀባል፤ የተቋሙ ኃላፊ ሰዓቱን ይመዘግባል። ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ ዳኛው ፊት ይመለሳል፤ እስሩም ይጠብቀዋል።

ለአደገኛ ሰው ይህ ቅጣት አይሆንም። ሚስቱን የደበደበ ሰው ቀን ክሊኒክ ጠርጎ ማታ እሷው ዘንድ የሚያድር ከሆነ፣ የተበዳይዋ ደኅንነት ከወህኒው ጥበት መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ።

በእኛም አገር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 103 ለቀላል ወንጀሎች የግዴታ ሥራን ደንግጓል። ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ሕግ ጣሪያውን እስከ ሦስት ዓመት እስር ከፍ አድርጋዋለች። በር ሲሰፋ ማጣራቱም መጥበቅ ስላለበት፣ የኬንያ ፍርድ ቤት ትእዛዙን ከመስጠቱ በፊት ስለ ጥፋተኛው ኑሮ የተጠናቀረ የባለሙያ ሪፖርት ይመለከታል።